የባለጋውኑ ኮት

ባለፈው ዓመት በኬሚስትሪ ክፍል የሆነውን የማያውቅ የለም፤ ፊት ለፊት የሚያነሳው ግን የለም።

ሰውዬው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ብልቃጥ ሲያጥብ፣ ሚዛን ሲያስተካክል፣ መምህራን የሚያስተምሩበትን ኬሚካል ሲበጠብጥ የኖረ ነው። ተማሪዎቹ «ባለጋውኑ» ይሉታል። ያለ ነጭ ጋውን አይተውት ስለማያውቁ አብሮት የተወለደ ነው እያሉ ይቀልዳሉ። ከሥራ ሲወጣ እየተማረ፣ ልጆቹን በሚያስጠናበት ጠረጴዛ ላይ የራሱንም እያጠና፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። ከዚያ የመምህርነት ቦታ ተከፈተና ተወዳደረ። የቀረው በኮሚቴ ፊት የግማሽ ሰዓት የሙከራ ትምህርት መስጠት ብቻ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ጋውኑን እንደለበሰ፣ በአንድ እጁ ማስታወሻውን በሌላው የብልቃጥ መደርደሪያውን ይዞ ገባ። ከኮሚቴው አንዱ፣ ከሌላ ክፍል የተጋበዘ ጨዋ ሰው፣ ፈገግ ብሎ «እናመሰግናለን ጋሼ፤ እዚያ ጋ ያስቀምጡልን። ተወዳዳሪው ደርሷል እንዴ?» አለው።

የጎዳው ጥያቄው አልነበረም። የጎዳው መልሱ ነው። «እሺ» አለ፤ መደርደሪያውን እዚያ ጋ አስቀመጠ፤ ዞሮም ወደ በሩ ሄደ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ዶክተሯ፣ በስሙ ስትጠራው እጁ የበሩን እጀታ ይዞ ነበር። ተመልሶ ቆመ። አስተማረ ቢባልም አፉ ተንቀሳቀሰ እንጂ የሚሰማ ነገር አልወጣውም። በውጤቱ ወረቀት ላይ «ድምፅ አይሰማም» ተብሎ ተጻፈ።

ደንቡ ሁለት ዕድል ይሰጣል። ሁለተኛው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ሦስተኛ የሚባል የለም፤ ይህም ካመለጠ ጡረታ እስኪወጣ ብልቃጥ ማጠብ ነው።

ባለጋውኑ ዓመቱን ሙሉ ሲያስብ ከርሞ ጥፋቱን ሁሉ ለጋውኑ ሰጠው።

«ጋውኑ ምን አደረገ?» አለች ሚስቱ። በአንድ ክሊኒክ የካርድ መስኮት ላይ ስለምትሠራ፣ ሰው አፉን ሳይከፍት የቱ ጋ እንደሚያመው ከአቋቋሙ ታውቃለች። «ጋውን አፍ የለው። እሺ ያልከው አንተ ነህ።»

«ሱፍ ለብሼ ብገባ ኖሮ ያስቀምጡልን ይለኝ ነበር?»

«አይልህም።»

«በቃ።»

«እሱ አይልህም። አንተ ግን ታስቀምጥ ነበር።»

ይህን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፈው።

በክፍሉ ውስጥ ልብስ የሚያምርበት አንድ ሰው ቢኖር ሽማግሌው ፕሮፌሰር ናቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ሱፍ ነው ያሰፉት፤ የትኛውን እንደለበሱ ግን ልብ ያለ የለም። ሰው የሚያየው እሳቸውን ነው። ባለጋውኑ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የት እንደሚያሰፉ ጠየቃቸው። ፕሮፌሰሩም የበሽታ መድኃኒት እንደሚያዙ ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡት፤ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው በላይ፣ በእንጨቱ ደረጃ፣ ጋሽ ሜትር።

ጋሽ ሜትር ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ልብስ ሰፊ ናቸው። ስማቸውን ያገኙት ከአንገታቸው ከማይወርደው የልኬት ሜትር ነው፤ ባለቤታቸው ሲተኙም አያወልቁትም ብለው ይምላሉ። ሱቃቸው አንድ ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል መስታወት። ጠረጴዛው ላይ ምልክት የሚያደርጉባቸው ያለቁ የሳሙና ስንጣሪዎች ተደርድረዋል።

«ምን ዓይነት ነው የምትፈልገው?» አሉት።

«ፕሮፌሰር የሚያስመስል።»

«ፕሮፌሰር አይሰፋም። ኮትና ሱሪ ነው የምሰፋው።»

«እንግዲያው ጥቁር።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«አስተናጋጅ ልትሆን ነው?»

«መምህር ልሆን ነው።»

«ታዲያ ቀን በቀን ሰሌዳ ፊት ቆመህ ጥቁር ምን ይሠራልሃል?» ከመደርደሪያው ጥቅል ጨርቅ አወረዱና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጠቆር ያለ ግራጫ ሱፍ ነው፤ ምንም አያብረቀርቅም። «ይሄ ነው። የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ለመምህር አልሰፋም። ተማሪው ጨርቁን ሲያይ ትምህርቱ ያልፈዋል። ይሄ ደግሞ አመል የለውም፤ ቢነካካም አይጨነቅም።»

ከዚያ ሊለኩት ቆሙ። ባለጋውኑም ቆመ። ሲቆም ግን የቆመው እሱ አልነበረም፤ ደረቱን ነፋ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ፣ አገጩን አነሳ፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ወረወረ። በመስታወቱ ውስጥ አንድ የማያውቀው ጄኔራል ያየዋል። ጋሽ ሜትር ደረቱን ለኩና ቁጥሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉ። እንደገና ለኩ፤ በዚህ መሃል ትንሽ ተንፍሶ ስለነበር ሌላ ቁጥር ወጣ። በሦስተኛው ደግሞ ሌላ።

«ጥሩ ነው?» አለ፣ ትንፋሹን እንደያዘ።

«በጣም ጥሩ ልክ ነው» አሉና ካርቶኑን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ወረወሩት። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው መርፌና ክር አወጡ። «ዐይኔ ደከመ፤ የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ክር አስገባልኝ።»

ለቤተ ሙከራ ሰው ይቺ ምን አላት! ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ አንገቱን ወደፊት አስግጎ መርፌዋን ወደ ዐይኑ አስጠጋ። ክሩ አፉ የተበተነ ስለነበር ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ሽማግሌው ከኋላው ምን እንደሚያደርጉ አላየም፤ የሚያጉረመርሙት ግን ይሰማው ነበር። አስገብቶ ሲሰጣቸው በጣቱ ላይ የቀረውን የሳሙና ብናኝ በቀኝ ጎኑ ጠረገ።

«ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው የምትጠርገው?» አሉት።

«ምኑን?»

«ምንም። ከዐሥር ቀን በኋላ ና።»

በዐሥረኛው ቀን ሄዶ ለበሰ። መስታወቱ ፊት እንደ ጄኔራሉ ቆመ፤ ቅስሙም ተሰበረ። የኮሌታው ጀርባ ከአንገቱ ተለይቶ እንደተከፈተ መሳቢያ ወጥቷል። ደረቱ ላይ ሁለት ሽብሽብ ተጋድሟል፤ ጀርባው ደግሞ ነፋስ የገባው ድንኳን መስሏል።

«ጋሽ ሜትር፣ ትልቅ ነው።»

«አይደለም።»

«ኮሌታው ተነስቷል።»

«ኮሌታው አልተነሳም። የተነሳኸው አንተ ነህ።»

«ቢጠብልኝስ?»

«ከእንግዲህ አንድ መርፌ አልነካውም» አሉና ካውያቸውን ወደሌላ ሱሪ መለሱ። «የታችኛውን ቁልፍ እንዳትቆልፍ። የሸሚዙ እጅጌ አንድ ጣት ያህል ይውጣ። ከረባቱ ቀበቶህ ጋ ይድረስ፤ አይለፈው። ጫማና ቀበቶ አንድ ቀለም። ሌላው ሥራህ ነው። ሂድ።»

በንዴት ነፍሱን ሳያውቅ ደረጃውን ወረደ። ቀኑ ሲቆጠር ሦስት ቀርቷል።

ቤት ሲደርስ የሚስቱ ወንድም ሳሎን ቁጭ ብሏል። ባንክ ነው የሚሠራው፤ ስለ ልብስ የማያውቀው ነገር የለም፤ ስለሌላውም እንዲሁ። ባለጋውኑ አዲሱን ኮት ለብሶ ደረቱን ነፍቶ ሲቆምለት፣ ዙሪያውን አንዴ ዞረውና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኮት ውስጥ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

«ምን አልክ?»

«ለሁለት የተሰፋ ነው የሚመስለው ብዬ ነው። የድሮ ሰው ሰፍቶት ነው፤ አይፈረድበትም። ቆይ።» ወጣና ከመኪናው የራሱን ሱፍ ይዞ ተመለሰ፤ ሰማያዊ፣ እንደ ዓሣ ቆዳ የሚያብረቀርቅ፣ ከወገቡ ጥብቅ ያለ። «ይኸውልህ፣ ስሊም ነው። የዘመኑ ሰው ይሄን ነው የሚለብሰው።»

ለበሰው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር። ጄኔራሉ ማዕረግ ጨመረ።

ሚስቱ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና አየችው። «መተንፈስ ትችላለህ?»

«ለምን እተነፍሳለሁ?»

«እንዲያው ለጤናህ።»

«እትዬ፣ ስብሰባ ላይ እኮ ማንም አይተነፍስም» አለ ወንድሟ።

«አንተ ቁጭ ብለህ ነው የምትውለው። ይሄ ሰውዬ ይሠራል።» ወደ ባሏ ዞረች። «እስቲ ከታችኛው መደርደሪያ ትልቁን ድስት አውጣልኝ።»

ሊያወጣ ጎንበስ አለና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እጅጌው ክንዱ ላይ ወጥቷል፤ ብብቱ ጋ የሆነ ክር ጠጥ አለ። ወደ ታችም ወደ ላይም መሄድ እንደማይችል ሲያውቅ፣ ድስቱን ትቶ «ኮሚቴው ድስት አውጣ አይለኝም» አለ፤ ከዚያው ከግማሹ ሆኖ።

«አውልቅ» አለች።

የጋሽ ሜትርን ኮት መልሶ አጠለቀ። ተበሳጭቶ ስለነበር ደረቱን መንፋት ረሳ፤ የጫማው ክር ተፈትቶ አየና ሊያስር ጎንበስ አለ።

«እንዲሁ ሁን» አለች ሚስቱ። «እንዳትነሳ።»

«ምን ሆነ?»

«አትነሳ ብዬሃለሁ። አንተ፣ ና እይ እስቲ» ብላ ወንድሟን ጠራችው።

ወንድሟ መጣ፤ አየ። «እንዴ?» አለ።

«ምንድን ነው?» አለ ባለጋውኑ ከወለሉ አጠገብ።

«ኧረ ምንም። እንዲያው... ከኋላ ያምራል።»

«ኮሚቴው ከኋላዬ ነው እንዴ የሚቀመጠው?»

ወንድሟ ሰማያዊውን ሱፉን አጣጥፎ ያዘ። ሚስቱም «ይሄንን ነው የምትለብሰው፤ አበቃሁ» አለች። በትዳር ሃያ አራት ዓመት ስለቆየ፣ አበቃሁ ስትል ማብቃቱ ለሁለቱም ዕረፍት መሆኑን ያውቃል። እሺ አለ። በልቡ ግን ወሰነ፤ ኮቱ በመጥፎ ልክ ተሰፍቶ ቢሆንም እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሃያ ሰባት ዓመት ያጎነበሰው ይበቃዋል።

በዕለቱ ጠዋት ነጩን ሸሚዝ፣ ጠቆር ያለውን ከረባት፣ ግራጫውን ሱፍ ለበሰ። ጫማውን ሁለቴ ወለወለ። የግቢው ዘበኛ፣ ሃያ ሰባት ዓመት «እንዴት ነህ ባለጋውኑ» ሲለው የኖረው፣ ከወንበሩ ተነስቶ «እንደምን አደሩ» አለው። ደስ አለው። ዐሥር እርምጃ ያህል ሄዶ ደግሞ ቅር አለው፤ ዞር ብሎ «እኔ ነኝ እኮ» ሊለው ፈለገና ተወው።

ጋውኑ በቤተ ሙከራው በር ጀርባ ተሰቅሏል። እያየው አለፈ።

ኮሚቴው ዘንድሮ ሦስት ሰው ነው፤ ዶክተሯ መሃል፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር በቀኝ፣ ስፖርት ጫማ ያደረገው ወጣት ሌክቸረር በግራ። ማንም ያስቀምጡልን አላለውም። «ይቀጥሉ፤ ሠላሳ ደቂቃ አለዎት» አለች ዶክተሯ። ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ተዘጋጅቷል፤ ጠብታ የሚለካው ረጅም የመስታወት ቱቦ፣ ቡሬቱ፣ በሐምራዊው ፐርማንጋኔት ተሞልቷል፤ ከሥሩ ማሞቂያው ላይ ውሃ የመሰለ ኦክሳሊክ አሲድ በብልቃጥ ተቀምጧል።

ደረቱን ነፋ፤ ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች የሚወሩ አይደሉም። ትንፋሹን ይዞ ስለሚናገር ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ያልቅበታል። የሚለው ሁሉ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው፤ ራሱም እንደ ሌላ ሰው ንግግር ይሰማዋል። ኮሌታው ከአንገቱ ተለይቶ ቆሟል፤ ነፋስ ሲገባበት ይታወቀዋል። ወጣቱ ስልኩን ገልብጦ ማየት ጀመረ። ዶክተሯ አንዲት አጭር ቃል ጻፈች። ከሩቅ የተገለበጠ መለያ ማንበብ የዕድሜ ልክ ሙያው ነውና ከቆመበት አነበባት። «ድምፅ» ትላለች።

ይሁን እንጂ ሙከራው ገና ይቀረዋልና ወደ ቡሬቱ ዞረ። ያኔ ነው ያያት። ከቱቦው ጫፍ፣ ከመክፈቻዋ በታች፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የአየር አረፋ ተሰንቅራለች። ሌላ መምህር ቢሆን አያያትም፤ ቢያያትም ያልፋታል። ለእሱ ግን አረፋ ያለበትን ቡሬት ማለፍ፣ ልጁ አፍንጫው እየፈሰሰ ሲወጣ እንደማየት ነው። ጎንበስ አለ፣ መክፈቻዋን ለቀቅ አደረገ፣ ቱቦውን በጥፍሩ ቸብ ቸብ አደረገው። አረፋዋ ከፈሳሽ ጋር ወጣች፤ ጣቶቹም ረጠቡ። እጁም ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ወደሚያውቀው ቦታ ሄደና በቀኝ ጎኑ ተጠረገ።

ጋውን የለም። ያለው ግራጫው ሱፍ ነው። ሁለት ሐምራዊ መስመር ተጋደመበት።

ፊቱ ደም መሰለ። የአምናው «እሺ» አፉ ላይ መጣ፤ ዐይኑ በሩን አየ፤ እጀታውንም አየ። እዚያ ድረስ ስምንት እርምጃ ነው፤ አምና ቆጥሮታል።

ወደ በሩ ከመሄዱ በፊት ግን ኮቱን አንዴ ተመለከተ። ሐምራዊው ከጠርዙ ወደ ቡናማ መለወጥ ጀምሯል። ይህን ያውቀዋል። ስንት ሺህ ጊዜ አይቶታል!

«ቆይ!» አለ። በመምህር ድምፅ አልነበረም፤ ተማሪ አሲድ ላይ ውሃ ሊጨምር ሲል በሚጮህበት በቤተ ሙከራው ድምፅ ነው። «ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። እዚያ ሆናችሁ አይታያችሁም።»

ኮሚቴ ጠጋ በሉ ተብሎ አያውቅም። ሦስቱም ተያዩ፤ ቀድመው የተነሱት ሽማግሌው ናቸው። ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ይሄ ቡናማ ይታያችኋል? ኮቴን ትታችሁ ቀለሙን እዩ። ሐምራዊው ሥራውን በግማሽ ትቶት ነው፤ ገና የሚቀበለው ኤሌክትሮን አለ። የሚሰጠው ሲያገኝ ቀለሙን ጥሎ ይሄዳል። የሚሰጠው ማን ነው? ይኸው» ብሎ ብልቃጡን በጨርቅ ይዞ አሳየ። «እጅ የማያስችል ያህል አሙቁት፤ አይፍላ። አሁን አንድ ጠብታ እጨምራለሁ። አንድ ብቻ።»

ጎንበስ ብሎ መክፈቻዋን በሁለት ጣቱ አዞረ። ጠብታዋ ወደቀች፤ ብልቃጡን ሐምራዊ አደረገችውና ቆመች።

«አልጠፋም» አለ ወጣቱ።

«አልጠፋም። እዚህ ላይ ነው ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትዘገይበት አበቃ ይልና ቁጥሩን ጽፎ ይሄዳል።»

«እኔም ተማሪ ሳለሁ ጽፌ ሄጃለሁ» አለች ዶክተሯ፣ ሳታስበው።

«አስታውሳለሁ። ሦስተኛው ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ጋ። ብልቃጡን ላጥብ ስመጣ ቀለሙ ጠፍቶ ነበር። ልጠራሽ ወጣሁ፤ ኮሪደሩን ጨርሰሽው ነበር።»

ዶክተሯ ሳቀች። እሱ መሳቋን አላየም፤ ብልቃጡን እያየ ነው። «አሁን እዩ... እዩ... ሄደች!» ሐምራዊው ቀስ ብሎ ጠፋና ውሃ መሰለ። ሁለተኛዋን ጣለ፤ ቶሎ ጠፋች። ሦስተኛዋ ገና ከመንካቷ ጠፋች።

«ለምንድን ነው የመጀመሪያዋ ብቻ የምትዘገየው?» አለ ወጣቱ። ለፈተና የጠየቀ አይመስልም ነበር፤ አንገቱ ብልቃጡ ላይ ተሰግጓል።

«ከእሷ በፊት የሄደ ስለሌለ ነው። የመጀመሪያዋ ስትለወጥ አዲስ ማንጋኒዝ ትተዋለች፤ የሚቀጥሉትን የሚያፈጥናቸው ያ ነው። ከውጭ የሚጨመር ነገር የለም። አንዷ እንደምንም ካለፈች፣ ለሌሎቹ መንገድ ይከፈታል።»

ይህን እያለ ጥጥ አነሳና በጠርሙሱ ከተረፈው ኦክሳሊክ ጠቅሶ ጎኑ ላይ ያሉትን መስመሮች ነካ ነካ አደረጋቸው። ቡናማው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። በተጣራ ውሃ አለቀለቀው። «ብልቃጥ ውስጥ የሆነው ነው ኮት ላይም የሆነው። ሒሳቡን አሁን እንሥራ» ብሎ ወደ ሰሌዳው ሄደ። እየጻፈ፣ እየተመለሰ፣ ቡሬቱን እያነበበ፣ ጎንበስ ቀና እያለ ሠላሳው ደቂቃ አልቆ ዐሥር አለፈ። ጊዜው አልቋል ያለው የለም። ኮሌታው አንገቱ ላይ እንደተለጠፈ ተቀምጧል፤ ጀርባው ላይ አንድ ሽብሽብ የለም። እሱ ይህን አያውቅም። ደረቱን መንፋት ከረሳ ቆይቷል።

በመጨረሻ ጥያቄ ካለ ተባለ። ሽማግሌው ፕሮፌሰር ብቻ እጃቸውን አነሱ።

«ኮቱን ማን ሰፋልህ?»

«ጋሽ ሜትር።»

«አውቄያለሁ» አሉና ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ይህንኛውን ማንበብ አልቻለም፤ የፕሮፌሰሩ ጽሕፈት ቀጥ ብሎም ቢያዝ አይነበብም።

ደብዳቤው በሳምንቱ ሐሙስ መጣ። ከሰኞ ጀምሮ መምህር ነው ይላል። ከታች ደግሞ ምትክ ሠራተኛ እስኪቀጠር ድረስ ሚዛኖቹን እግረ መንገዱን እንዲያይ ይጠይቃል። ዶክተሯ ቢሮ ገባና «ሚዛኑን ከክፍለ ጊዜዬ ውጭ ነው የማየው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ» አላት። «ይሁን» አለችው። ያኔ ነው «እሺ» ያለው።

ለሚስቱ በስልክ ነገራት። መስኮቷ ላይ ሰው ተሰልፎ ስለነበር «ጎሽ፤ ቆይ ካርድ ቁጥርዎ ስንት ነው?» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እያለቀሰች መሆኑን ከአተነፋፈሷ አወቀና እስክትጨርስ ስልኩን ይዞ ጠበቃት።

ቅዳሜ ዕለት ኮቱን ለማስተኮስ ወደ ጋሽ ሜትር ሄደ። የመጣው ለማስተኮስ ብቻ አልነበረም፤ በንዴት ደረጃውን መውረዱ ይቆረቁረው ነበር። ሱቁ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ቀድሞታል። ወጣቱ ሌክቸረር መስታወቱ ፊት ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን አንስቶ፣ በስፖርት ጫማው ላይ እንደ ሐውልት ቆሟል።

«ጋሼ!» አለ፣ ትንፋሹን ላለመልቀቅ በጥርሱ መሃል። «እኔም ላሰፋ ብዬ።»

«ጥሩ አደረግህ» አለና በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ጋሽ ሜትር ደረቱን ለኩ፤ ወገቡን ለኩ፤ ቁጥሩን ጮክ ብለው እየጠሩ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉ። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ዐይኔ ደከመ፤ የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ክር አስገባልኝ።»

ባለጋውኑ ከልቡ ብድግ አለ። «ጋሽ ሜትር፣ እኔ ላስገባልዎ፤ እሱ ይለካ።»

ሽማግሌው በመነጽራቸው አናት በኩል አዩት። «አንተ ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ወጣቱ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ አንድ እግሩን አንፈራጥጦ፣ ግራ ትከሻውን ጥሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ ከመርፌው ጋር ትግል ጀመረ። ያኔ ሜትሩ ከጋሽ ሜትር አንገት ላይ ያለ ኮሽታ ወረደ። ከማጅራቱ እስከ ወገቡ፣ ከአንዱ ትከሻ እስከ ሌላው፣ ከብብት እስከ አንጓ፣ ጀርባውን ሳይነኩ እንደሚባርኩት ሁሉ እየለኩ፣ ቁጥሩን ለራሳቸው አጉረመረሙ። የትም አልጻፉትም።

ባለጋውኑ ዐይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። በመርፌ መያዣው ትራስ ላይ ስምንት መርፌዎች ተሰክተዋል፤ ስምንቱም ክር አላቸው። አጠገቡ ካውያው ተቀምጧል። ከካውያው ሥር ማረፊያ የሆነው ካርቶን ጠርዙ ተቃጥሏል፤ በሽማግሌው ጽሕፈት ደረት፣ ደረት፣ ደረት ይላል፤ ከፊቱ ሦስት የተለያየ ቁጥር።

«ገባ!» አለ ወጣቱ። መርፌውን ሰጠና ተመልሶ መስታወቱ ፊት ደረቱን ነፋ። «ልኬ ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ልክ ነው» አሉ ጋሽ ሜትር፤ ካርቶኑንም ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ወረወሩት።

ባለጋውኑ ከበርጩማው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የራሱን ኮት ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ፣ ተራውን ይጠብቅ ጀመር።